አንድ ኮከብ ወይስ ሁለት?

ቋንቋችን ለዚህ ሰማያዊ እንግዳ የሰጠው ስም ግልጽ ነው፤ ጅራታም ኮከብ። ስሙ የሚናገረው ዓይን ስላየው ነገር ብቻ ነው። ጅራት አለው፤ ያበራል፤ ይመጣል፤ ይጠፋል። ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ ግን ስሙ አይነግረንም። የግሪኮቹም «ኮሜት» ከዚህ አይሻልም፤ ትርጉሙ «ጠጉራም» ነውና። የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ጅራታሙን ኮከብ ያወቀው በመልኩ እንጂ በመንገዱ አልነበረም።

መንገዱን ለማወቅ የተደረገው ትግል፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከታላላቅ ልብ ወለዶች የማያንስ ታሪክ አለው። ክርክር አለበት፤ ትዕቢት አለበት፤ ቂም አለበት፤ አንድ ታላቅ ሰው በዝምታ ሐሳቡን የለወጠባቸው ዓመታትም አሉበት። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት እ.ኤ.አ. በ1680 የታየውን ጅራታም ኮከብ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

* * *

ኖቬምበር 14 ቀን 1680፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጎትፍሪድ ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ ኮቡርግ በተባለች ከተማ ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነበር። የፈለገው ጨረቃንና ማርስን ለማየት ነበር። በመካከሉ ግን ከዚያ በፊት በስፍራው ያልነበረ ጭጋጋማ ብርሃን አየ። ከዚያ ቀደም ጅራታም ኮከብ ሁሉ የተገኘው በዓይን ነበር፤ በቴሌስኮፕ የተገኘ የመጀመሪያው ይህ ሆነ።

በእኛ የዘመን አቆጣጠር ቢሰላ ዕለቱ ኅዳር 8 ቀን 1673 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞች ደግሞ ያንኑ ቀን ኖቬምበር 4 ይሉት ነበር፤ አብዛኛው አውሮፓ የተቀበለውን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር እነርሱ ገና አልተቀበሉምና። ስለዚህ ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከእንግሊዝ የመጡ የምልከታ ቀናትን በአንድ ሠንጠረዥ ለማስቀመጥ የፈለገ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አሥር ቀን መደመር ወይም መቀነስ ነበረበት። ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ኮከቡ በኖቬምበር ውስጥ በየንጋቱ እየደመቀ ወደ ፀሐይ ተጠጋ። በዲሴምበር መጀመሪያ በፀሐይ ብርሃን ተዋጠና ጠፋ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በዚያው ወር አጋማሽ፣ በምዕራብ በኩል ከጀንበር ጥልቀት በኋላ አንድ አስደናቂ ነገር ብቅ አለ፤ የሰማዩን ሢሶ የሚያህል፣ ወደ 70 ዲግሪ የሚደርስ ጅራት የዘረጋ ኮከብ። ይህን ያላየ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሊቁም እረኛውም፣ ንጉሡም ለማኙም አይተውታል።

ጥያቄውም ከዚህ ይጀምራል። በንጋት መጥቶ በፀሐይ ውስጥ የጠፋው የኖቬምበሩ ኮከብና በምሽት ከፀሐይ የወጣው የዲሴምበሩ ኮከብ አንድ ናቸው? ወይስ ሁለት?

* * *

ዛሬ መልሱን ለምናውቅ ሰዎች ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የተለመደው አስተሳሰብ ጅራታም ኮከብ ቀጥ ባለ መስመር ያልፋል የሚል ነበር። ዮሐንስ ኬፕለር እንኳ፣ ፕላኔቶች በሞላላ ምሕዋር እንደሚዞሩ ለዓለም ያስተማረው ሰው፣ ጅራታም ኮከቦችን በቀጥተኛ መስመር ይሄዳሉ ብሎ አልፏቸዋል። በቀጥታ የሚሄድ ነገር ደግሞ ወደ ፀሐይ ገሥግሦ እንደገና ወደ መጣበት አካባቢ አይመለስም። ስለዚህ «ሁለት ናቸው» ማለት የብዙኃኑ መልስ ነበር።

«አንድ ነው» ካሉት ጥቂቶች መካከል ጆን ፍላምስቲድ ይገኝበታል። ፍላምስቲድ በ1675 የእንግሊዝ ንጉሥ የመጀመሪያው የሥነ ፈለክ ሹም ሆኖ በግሪንዊች የተሾመ፣ ጤናው የደከመ፣ እጁ ግን እጅግ ጠንቃቃ የሆነ ተመልካች ነበር። የኖቬምበሩ ኮከብ ከፀሐይ ወዲያ ተመልሶ እንደሚታይ አስቀድሞ ጠብቆ ነበር፤ በዲሴምበር ሲወጣም የጠበቅሁት ይኸው ነው አለ። ሐሳቡንም ጄምስ ክሮምፕተን በተባለ ወዳጁ በኩል ወደ ካምብሪጅ ላከ። የደብዳቤው መድረሻ አይዛክ ኒውተን ነበር።

ፍላምስቲድ የሰጠው ምክንያት ይህ ነው። ፀሐይ እንደ ማግኔት ናት፤ ኮከቡን በአንድ በኩል ስባ ታቀርበዋለች፤ ሲቀርብ ደግሞ በሌላው ዋልታው ገፍታ ትመልሰዋለች፤ ስለዚህ ኮከቡ ፀሐይ ጋ ሳይደርስ ከወዲህ በኩል ታጥፎ ተመልሷል።

ኒውተን በ1681 በጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ይህን ሐሳብ ብትንትኑን አወጣው። ማግኔት በእሳት ሲግል ኃይሉን ያጣል፤ ፀሐይ ደግሞ ከእሳትም በላይ ናት። ቢባል ቢባል እንኳ፣ ስትስብ የቆየች ፀሐይ በምን ምክንያት ድንገት መግፋት ትጀምራለች? ኮከቡ አንድ ከሆነ ሊታጠፍ የሚችለው ከፀሐይ ወዲህ ሳይሆን በስተጀርባዋ ዞሮ ብቻ ነው። ኒውተን ይህን በግልጽ ጽፏል። ነገር ግን የጻፈውን መንገድ ራሱ አላመነበትም፤ ሁለት ኮከቦች ናቸው በሚለው ጸና።

ይህን ታሪክ በወደድሁት ቁጥር የምመለሰው ወደዚህች ነጥብ ነው። ፍላምስቲድ መልሱ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ስሕተት። ኒውተን ምክንያቱ ትክክል ነበር፤ መልሱ ግን ስሕተት። እውነት በሁለት ሰዎች መካከል ለሁለት ተከፍላ፣ አንዱ ግማሹን ሌላው ግማሹን ይዘው ሲከራከሩ ማየት ምንኛ ያስገርማል! ከሁለቱ ማን ይበልጣል? ያልተረጋገጠውን በልቡ የደረሰበት ነው ወይስ መረጋገጥ ያለበትን ጠንቅቆ ያወቀው? እኔ ለአንዳቸው መፍረድ አልችልም። የማውቀው አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ እንደ ነበረ ነው።

* * *

በዚያ ክረምት ብዕር ያነሡት የሥነ ፈለክ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ያ ኮከብ በሥነ ጽሑፍም ታሪክ ውስጥ ጅራቱን ጥሎ አልፏል። ፈረንሳዊው ፒየር ቤይል፣ ሕዝቡ በኮከቡ መደንገጡን አይቶ፣ ጅራታም ኮከብ የመዓት ምልክት ነው የሚለውን እምነት የሚሞግት መጽሐፍ በ1682 አሳተመ፤ መጽሐፉ ከኮከብ ተነሥቶ ስለ እምነት፣ ስለ ግብረ ገብና ስለ መቻቻል ወደ መናገር አደገ።

ከውቅያኖስ ማዶ በሜክሲኮም ተመሳሳይ ክርክር ተነሣ። ካርሎስ ደ ሲጉዌንሳ ኢ ጎንጎራ የተባለው ሊቅ በ1681 መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ የሚያስፈራ ነገር አይደለም ብሎ ጻፈ። ኤውሴቢዮ ኪኖ የተባለው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ደግሞ በዚያው ዓመት ምልክቱ ክፉ ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ታላቋ ባለቅኔ መነኩሲት ሶር ኋና ኢነስ ደ ላ ክሩስ ለኪኖ የውዳሴ ሶኔት ጻፈችለት። ሲጉዌንሳም አልተኛም፤ መልሱን በ1690 በመጽሐፍ አሳተመ።

ሆኖም ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ኮከቡ ምን ማለት እንደሆነ ነበር። የት እንደሄደ ሊናገር የሚችል ሰው ገና አልተገኘም። በጀርመን ፕላውኤን የምትባል ከተማ ቄስ የነበረው ጌኦርግ ዛሙኤል ዶርፈል በ1681 ባሳተመው ጽሑፍ የኮከቡ መንገድ ፓራቦላ እንደሆነ፣ ፀሐይም በፓራቦላው ትኩረት ነጥብ ላይ እንዳለች ጽፏል። ትክክል ነበር። ግን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማስረዳት አልቻለም፤ ድምፁም ሩቅ አልተሰማም።

* * *

ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ነገር እናስብ። ጨለማ በዋጠው ሌሊት፣ ማዶ በተራራ ላይ ፋኖስ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ እንበል። ከወዲህ ሆነን የምናየው ብርሃኑን ብቻ ነው። ብርሃኑ በየት አቅጣጫ እንዳለ እናውቃለን፤ ርቀቱን ግን አናውቅም። በቅርብ ቀስ ብሎ የሚሄድም ሊሆን ይችላል፤ በሩቅ የሚገሠግሥም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ እኛም ቆመን አይደለም፤ በበቅሎ ላይ ሆነን በጠመዝማዛ መንገድ እየሄድን ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የሰውየውን መንገድ፣ መነሻውንና መድረሻውን እንድንናገር ተጠየቅን።

የጅራታም ኮከብ ተመልካች ያለበት ሁኔታ ይህ ነው። በቅሎዋ ምድር ናት። አንድ ምልከታ ሁለት ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ኮከቡ በሰማይ ጉልላት ላይ ያለበትን ስፍራ የሚገልጹ ሁለት ማዕዘናት። ምሕዋሩን ለመወሰን ግን ስድስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ምን ያህል ሞላላ ነው? ለፀሐይ እስከ ምን ድረስ ይቀርባል? መቼ ይቀርባል? የመንገዱ ጠለል ከምድር ምሕዋር ጠለል ምን ያህል ያዘነብላል? ሁለቱ ጠለሎች የሚቋረጡት በየት አቅጣጫ ነው? በጠለሉ ውስጥስ የመንገዱ አፍንጫ ወዴት ይጠቁማል? ሦስት ምልከታ ስድስት ቁጥር ይሰጣልና፣ በመርሕ ደረጃ ሦስት ምልከታ ይበቃል። ከመርሑ ወደ ሥራው ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው።

በ1684 ኦገስት ኤድመንድ ሃሌይ ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ኒውተንን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ የፀሐይ ስበት በርቀቱ ስኩዌር ልክ እየቀነሰ የሚሄድ ቢሆን ፕላኔት በምን ዓይነት መንገድ ይሄዳል? ኒውተን ሞላላ ነው አለ፤ አስልቼዋለሁም አለ። ከዚህ ጉብኝት «ፕሪንኪፒያ» የተባለው መጽሐፍ ተወለደ። ስበት የፕላኔቶች ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነገር ሕግ ከሆነ፣ ጅራታም ኮከብም ከሕጉ ሊያመልጥ አይችልም። ኒውተን አራት ዓመት ያህል የተወውን ጥያቄ እንደገና አነሣ። በሴፕቴምበር 1685 ለፍላምስቲድ ጻፈለት፤ የኖቬምበሩና የዲሴምበሩ ኮከብ አንድ መሆናቸው እጅግ ሳይሆን አይቀርም አለ።

አንድ ሆኖ ሲታይ ታሪኩ ምን ይመስላል? ኮከቡ ከሩቅ መጥቶ፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የሚወድቅ እስኪመስል ድረስ ወረደ። ዲሴምበር 18፣ በእኛ ታኅሣሥ 12፣ ከፀሐይ ገጽ ሩብ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት አለፈ፤ ይህም ጨረቃ ከምድር ካላት ርቀት ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በፀሐይ ዙሪያ ግማሽ ዙር ለመዞር ሦስት ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያም ወደ መጣበት አካባቢ ተወርውሮ ወጣ። የንጋቱ መንገድና የምሽቱ መንገድ የአንድ ጠባብ ፓራቦላ ሁለት ክንዶች ነበሩ።

* * *

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ፣ በሦስተኛው ክፍል 41ኛ ዐረፍተ ነገር፣ ይህን ችግር ያስቀምጠዋል፤ በፓራቦላ የሚሄድ ጅራታም ኮከብን መንገድ ከሦስት ምልከታዎች መወሰን። ችግሩ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ ያን ያህል አስቸጋሪ ነው ሲል የምንሰማው ስለ ብዙ ነገር አይደለም።

ዘዴው በአጭሩ ይህን ይመስላል። መንገዱ ፓራቦላ ነው ብለን ከተነሣን፣ ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱ ተመለሰ፤ የመሞላሉ ልክ ታወቀ። በተጨማሪም በፓራቦላ የሚሄድ ነገር ፍጥነት ከፀሐይ ባለው ርቀት ብቻ ይወሰናል፤ በዚያው ርቀት በክብ ከሚዞረው አካል 1.41 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። እንግዲህ በመካከለኛው ምልከታ ኮከቡ ምን ያህል ይርቅ እንደነበረ እንገምት። ግምቱ ፍጥነቱን ይሰጠናል፤ ፍጥነቱ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምልከታ መካከል የተጓዘውን ርቀት ይሰጠናል። ያ ርቀት በሁለቱ የእይታ መስመሮች መካከል በትክክል ይገጥማል ወይ? ካልገጠመ ግምቱን አርመን እንደገና እንሞክራለን፤ እስኪገጥም።

ኒውተን ይህን የሠራው በማስመሪያና በኮምፓስ፣ የምድር ምሕዋር ግማሽ ስፋት 16 ከሲሶ ኢንች በሆነበት ትልቅ ሥዕል ላይ ነበር። ከፍላምስቲድ ምልከታዎች ሦስቱን መረጠ፤ የዲሴምበር 21፣ የጃንዋሪ 5 እና የጃንዋሪ 25፣ በእንግሊዝ በቆየው አቆጣጠር። ከዚያም ያገኘውን መንገድ በሌሎቹ ምልከታዎች ፈተነው፤ ገጠመ። ማስረጃዎቹ ከሮም፣ ከአቪኞ፣ ከፓዱዋ፣ ከአሜሪካዋ ሜሪላንድ ሳይቀር የመጡ ነበሩ። ራሱም እስከ ማርች 1681 ድረስ፣ ኮከቡ ለዓይን ጠፍቶ በቴሌስኮፕ ብቻ በሚታይበት ጊዜ፣ ሲከታተለው ቆይቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጅራታም ኮከብ ሕግ የሌለው ወንበዴ መሆኑ ቀረ። እንደ ፕላኔቶቹ ሁሉ ተገዥ ሆነ።

* * *

የፍላምስቲድ ዕጣ ግን ያሳዝናል። ምልከታው ለታላቁ መጽሐፍ ምሰሶ ከሆነ በኋላ በእርሱና በኒውተን መካከል መቃቃር ገባ። ኒውተን ቁጥሮቹን ቶሎ ይፈልግ ነበር፤ ፍላምስቲድ ሳያጣራ አልሰጥም ይል ነበር። በ1712 የፍላምስቲድ የከዋክብት መዝገብ ያለ ፈቃዱ፣ በሃሌይ አዘጋጅነት ታተመ። በ1713 በወጣው የ«ፕሪንኪፒያ» ሁለተኛ እትም ኒውተን የፍላምስቲድን ስም ከብዙ ስፍራ አነሣ። ፍላምስቲድ በበኩሉ ከታተሙት 400 ቅጂዎች 300 ያህሉን በእጁ ሲያስገባ አቃጠላቸው። የሕይወት ዘመን ሥራው እርሱ በፈለገው መልክ የወጣው ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1725፣ በሚስቱ በማርጋሬትና በረዳቶቹ ድካም ነው። «አንድ ነው» ብሎ አስቀድሞ የተናገረው ሰው ይህ መሆኑን ከነገሩ ሁሉ በኋላ ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል።

* * *

መንገዱ ታወቀ፤ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። ኮከቡ ይመለሳል ወይ? ከተመለሰስ መቼ?

ፓራቦላ ማለቂያ የለውም፤ በፓራቦላ የሄደ አይመለስም። እጅግ የተለጠጠ ሞላላ ግን ከፀሐይ አጠገብ ሲታይ ከፓራቦላ አይለይም። ሃሌይ በ1705 የ24 ጅራታም ኮከቦችን መንገድ በብዙ ድካም አስልቶ አሳተመ። ከእነዚህ መካከል የ1531፣ የ1607 እና የ1682 ኮከቦች መንገዳቸው ስለተመሳሰለ አንድ ናቸው አለ፤ በ1758 መጨረሻ ይመለሳልም ብሎ ተነበየ። ተመለሰም፤ ስሙም በእርሱ ተጠራ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያው ሃሌይ በዚያው ጥበብ የ1680ውንም ኮከብ እንደ ተነበየለት ነው። የቆዩ የታሪክ መጻሕፍትን አገላበጠ። ዩልዮስ ቄሣር በተገደለበት ዓመት፣ በ44 ቅድመ ልደት ክርስቶስ፣ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ታይቷል። በ531 ሌላ። በ1106 ሌላ። ከዚያ 1680። በመካከላቸው ያለው ዘመን 575 ዓመት ገደማ ነው! ሃሌይ በዚህ ዘመን ልክ ሞላላ ምሕዋር አሰላ፤ ከምልከታዎቹም ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ገጠመለት። ኒውተን በ1726ቱ ሦስተኛ እትም አስገባው። ኒውተንን በካምብሪጅ ወንበሩ የተካው ዊልያም ዊስተን ደግሞ ዘመኑን ወደ ኋላ እየቆጠረ የኖኅን የጥፋት ውኃ ያመጣው ይህ ኮከብ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ሁሉም ስሕተት ነበር። የስሕተቱን ምንጭ ማየት ይገባል፤ የረጅም ዘመን ጅራታም ኮከብ ጠባይ ሁሉ እዚህ ተሰውሯልና።

የምሕዋር የመሞላል ልክ በአንድ ቁጥር ይገለጻል። ለክብ ዜሮ ነው፤ ለፓራቦላ አንድ። የ1680ው ኮከብ ቁጥር ለአንድ እጅግ ቀርቧል። ቁጥሩ 0.99991 ቢሆን የዙሩ ዘመን የሃሌይ 575 ዓመት ይሆናል። 0.99998 ቢሆን 5,400 ዓመት ያልፋል። 0.99999 ቢሆን ከ15,000 ዓመት ይበልጣል። በአምስተኛው አኃዝ ላይ አንድ ቁጥር ስትለወጥ አሥር ሺህ ዓመት ይጨመራል! ከፀሐይ አጠገብ ግን እነዚህ ሦስት መንገዶች በዚያ ዘመን መሣሪያ ሊለዩ የማይችሉ ያህል የተጠጋጉ ናቸው። የሃሌይ ሞላላ ከምልከታው ጋር መግጠሙ እውነት ነው፤ ብዙ ሌሎች ሞላላዎችም ይገጥሙ ነበር።

የታሪክ መጻሕፍቱስ? እነርሱም አልዋሹም። ኮከብ ታየ ብለዋል፤ ታይቷል። የትኛው ኮከብ እንደሆነ ግን አልነገሩም፤ ሊነግሩም አይችሉም። መንገዱን የሚያስለይ ልክ አላኖሩምና። የአንድ ሰው ደም ግፊትና የአንድ ንጉሥ ሞት በአንድ ሌሊት ቢደርሱ ዝምድና አይሆንም፤ የዓመታት መራራቅ እኩል መሆንም ብቻውን አንድነትን አያረጋግጥም። ሃሌይ በ76 ዓመቱ ኮከብ ሲያሸንፍ፣ በመንገድ መመሳሰል ላይ ቆሞ ነበር። በ575ቱ ሲሸነፍ በዓመታት መመሳሰል ላይ ብቻ ቆሞ ነበር።

ጀርመናዊው ሐኪም ኦልበርስ በ1797 ከሦስት ምልከታ የፓራቦላ መንገድን ለማስላት እጅግ የተሻለ ዘዴ አሳተመ። ጋውስ ደግሞ በ1809 ባወጣው መጽሐፉ ለማንኛውም ምሕዋር የሚሆን ሥርዓት ሠራ፤ ከብዙ ስሕተት ያላቸው ምልከታዎች ለእውነት እጅግ የሚቀርበውን እንዴት መምረጥ እንደሚቻልም በዚያው አስተማረ። የጋውስ ተማሪ የነበረው ኤንከ በዚህ ጥበብ የ1680ውን ኮከብ ከሥሩ እንደገና አሰላ፤ በ1817 ጋውስና ኦልበርስ ዳኛ ሆነው የተቀመጡበትን ሽልማት አገኘበት። የኤንከ መልስ ከ8,000 ዓመት በላይ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው ግምት ከ9,000 ዓመት ይበልጣል። የቄሣር ሞት፣ የኖኅ ውኃ፣ ሁሉም ከዚህ ኮከብ ጋር የነበራቸው ዝምድና በአንዲት አኃዝ ተበጠሰ።

* * *

ኮከቡ የታየው አራት ወር ያህል ነው። ይህ ከሙሉ ዙሩ ዘመን ከ25,000 አንዱ እጅ እንኳ አይሞላም። ብራና አዋቂዎች ከጠፋ መጽሐፍ የተረፈች አንዲት ቅጠል አግኝተው መጽሐፉን ለመገመት ይደክማሉ። እነዚህ ሰዎች ከ25,000 ቅጠል አንዲቷን ይዘው መጽሐፉ ስንት ቅጠል ነበረው ብለው ጠየቁ። ቅርጹን ወዲያው አገኙት፤ ርዝመቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አታለላቸው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ቅጠሎች መጨመር፤ ኮከቡን ቀደም ብሎ ማየት፣ ዘግይቶም መከታተል። በጁላይ 1995 አለን ሄል እና ቶማስ ቦፕ ገና ከጁፒተር ምሕዋር ወዲያ ሳለ ያገኙት ጅራታም ኮከብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነበረው ምልከታ አጭር ስለሆነ መንገዱ በውል አልታወቀም ነበር። በአውስትራሊያ የሚሠራው ሮበርት ማክኖት የቆዩ የሰማይ ፎቶግራፎችን ሲያገላብጥ፣ በአፕሪል 1993 በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ ኮከብ አገኘው። ማንም ሳያየው ከሁለት ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር! በዚህች አንዲት ነጥብ መንገዱ ጸና። የሄል ቦፕ ኮከብ ከ4,000 ዓመት በፊት ገደማ መጥቶ እንደ ነበር ታወቀ። በ1996 በጁፒተር አጠገብ ስላለፈ ግን የጁፒተር ስበት ምሕዋሩን አሳጠረው፤ የሚመለሰው ከ2,500 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጣበት ዘመንና የሚመለስበት ዘመን አንድ አይደሉም። የረጅም ዘመን እንግዳ በቤታችን አልፎ ሲሄድ የመጣው ያው ሆኖ አይሄድም።

ይህን የተረዳው ሆላንዳዊው ያን ኦርት በ1950 አንድ ነገር ሠራ። መንገዳቸው በጥንቃቄ የተሰላ 19 የረጅም ዘመን ጅራታም ኮከቦችን ወሰደ፤ ፕላኔቶች ያደረሱባቸው ለውጥ ተቀንሶ፣ ወደ ፕላኔቶቹ ሠፈር ከመግባታቸው በፊት የነበራቸውን ምሕዋር ተመለከተ። ብዙዎቹ ከአንድ እጅግ ሩቅ ከሆነ አካባቢ የመጡ ሆነው ተገኙ። ፀሐይን ከሁሉ አቅጣጫ የከበበ ታላቅ የበረዶ አካላት ደመና እንዳለ ደመደመ፤ ዛሬም የኦርት ደመና ይባላል። ማንም በዓይኑ አላየውም። የታወቀው ሃሌይን ያሳሳተችው ያቺው የአምስተኛ ቦታ አኃዝ በትክክል ስትነበብ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ ከሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ማስፈሬ ያለ ምክንያት አይደለም። አንባቢም የሚሠራው ይህንኑ ይመስለኛል። በጥቂት ገጽ የታየ ሰው ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ከሁኔታው እንረዳለን፤ የመንገዱን ቅርጽ ቶሎ እንይዛለን፤ ርዝመቱን ግን በችኮላ የተናገርን እንደሆነ የኖኅን ውኃ እስከ ማምጣት እንደርሳለን። ሁለት የመሰለን አንድ ሊሆን ይችላል፤ የኖቬምበሩና የዲሴምበሩ ኮከብ እንደዚያ ነበሩ። አንድ የመሰሉንም አራት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የ575 ዓመቱ ኮከቦች እንደዚያ ነበሩ። ልዩነቱን የሚያስታውቀን ልብ ብቻ አይደለም፤ ቁጥርም ብቻ አይደለም።

የ1680ው ኮከብ ዛሬም እየራቀ ነው። ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 250 እጥፍ ያህል ርቆ፣ ጅራቱ ጠፍቶ፣ በጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ምሕዋሩ እንደሚለው ገና ግማሽ መንገዱን እንኳ አላጋመሰም። የሚመለስበትን ዘመን የሚቆጥሩ ሰዎች ያኔ ይኖሩ እንደሆነ፣ የፍላምስቲድን የዲሴምበር 21፣ የጃንዋሪ 5 እና የጃንዋሪ 25 ቁጥሮች ያስፈልጓቸው ይሆናል።